የሲያትል ጩኸት ከየት ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1983 ኩዊንስራይክ የተባለው የሲያትል አካባቢ የሜታል ባንድ አራት ዘፈን የያዘች የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። የመክፈቻው ዘፈን ገና ሲጀምር ድምፃዊው ጄፍ ቴት ከወንድ ጉሮሮ የማይጠበቅ ቀጭንና ረጅም ጩኸት ይለቃል። ሰሚው ጉሮሮው የተቀደደ ይመስለዋል። ቴት ግን ዴቪድ ካይል ከተባለ የከተማው የድምፅ መምህር ዘንድ የተማረ ሰው ነው፤ አሊስ ኢን ቼይንስ የተባለው ባንድ ድምፃዊ ሌይን ስቴሊም እዚያው ተምሯል። አንዱ ኦፔራ የሚመስል ጥርት ያለ ድምፅ ይዞ ወጣ፣ ሌላው የሚጎረብጥ የሥቃይ ድምፅ።

ቀረርቶ እየሰማ ላደገ ሰው ጩኸት በትምህርት የሚገኝ ችሎታ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ጥሩ አቅራሪ ትንፋሹን የት ቆጥቦ የት እንደሚለቀው ያውቅበታል፤ ወኔ ብቻውን እዚያ አያደርስም።

በጉሮሮ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ወንድ ሲያወራ በሰከንድ 100 ጊዜ ወይም ትንሽ በለጥ አድርገው ይርገበገባሉ። የኦፔራ ቴነሮች የሚፎካከሩባት ከፍተኛ ኖታ በሰከንድ 523 ያህል ንዝረት ትፈልጋለች። ወደዚያ ለመውጣት አውታሮቹ መወጠርና መቅጠን አለባቸው። ጀማሪ በጉልበት ይገፋና ድምፁ ይዘጋል። ሻካራው ጩኸት ደግሞ ሌላ ረዳት አለው፤ ከአውታሮቹ በላይ ያሉ ሁለት እጥፋቶች አብረው ሲንቀጠቀጡ ሸካራነቱን ይጨምራሉ። የሠለጠነ ጯሂ ከሚመስለው ያነሰ አየር ነው የሚያወጣው፤ ቀሪውን ጉልበት ማይክሮፎኑ ይጨርስለታል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ክሪስ ኮርኔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያትል ተወለደ፣ በዓሣ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ሠራ፣ በ1984 ሳውንድጋርደን የተባለውን ባንድ ከሌሎች ጋር ሲመሠርት ድራም እየመታ ይዘፍን ነበር። የባንዱ ስም የመጣው በዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ ከቆመ፣ ነፋስ ሲመታው ከሚያዜም የብረት ቱቦ ቅርጻ ቅርጽ ነው። በ1988 በወጣው «ቢዮንድ ዘ ዊል» በተባለው ዘፈን ኮርኔል ከደረቱ ሥር በሚጎተት ወፍራም ድምፅ ይጀምርና እየወጣ እየወጣ መጨረሻው ላይ ጩኸት ይሆናል። የሚገርመው የድምፁ ከፍታ ብቻ አይደለም። ሌሎች ዘፋኞች ከፍታው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሳሳል፤ የእሱ ግን የደረቱን ክብደት ይዞ ነው የሚወጣው።

የኒርቫና ባንድ ድምፃዊ ከርት ኮባይን ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በኅዳር 1993 (እ.ኤ.አ.) ኒርቫና ኒው ዮርክ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ሲጫወት፣ በመጨረሻው ዘፈን ማብቂያ ላይ የኮባይን ድምፅ ተሰነጠቀ፤ ቆም ብሎ ጎላ ያለ ትንፋሽ ሳበና ቀሪዎቹን ቃላት ጨረሰ። የድምፅ መምህር ይህን ለተማሪ አያስተምርም። ቀረጻውን የሰማ ግን አይረሳውም።

ታሪኩ ሁሌ በወንዶች ብቻ ይተረካል፤ ያ ስሕተት ነው። እዚያው አካባቢ ያደገችው፣ ሃርት የተባለው ባንድ ድምፃዊት አን ዊልሰን «ባራኩዳ»ን ስትዘፍን ጊዜው 1977 ነበር፤ ኮርኔል ያኔ ገና ልጅ ነው። ሃርት በ2013 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ መድረክ ላይ ቆሞ የተቀበላቸው ራሱ ኮርኔል ነበር።