ውሃ የምትጠጣ ቪትዝ

የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ስለ አሮጌ ቪትዙ ሲጠየቅ «ደህና ናት፣ ትንሽ ውሃ ትጠጣለች እንጂ» ይላል። ከወንበር ሥር አንድ ሃይላንድ ውሃ አይጠፋም፤ ጠዋት ኮፈን ይከፈታል፣ ይሞላል፣ ይኬዳል። መኪና ግን ውሃ አትጠጣም። ነዳጅ ታቃጥላለች፣ ዘይትም ቀስ በቀስ ልትጨርስ ትችላለች። የማቀዝቀዣው ውሃ ግን የሚዞረው በዝግ መስመር ስለሆነ፣ ያው አራት አምስት ሊትር ለዓመታት መቆየት አለበት። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው።

ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና ከላይ በሚከድናቸው ቴስታታ ውስጥ ይገፋዋል። ሙቀቱ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ይከፈትና ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ እያለፈ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ስፕሪንግና ጎማ ያለው ይህ ክዳን ውሃውን በግፊት አምቆ ይይዛል፤ የታመቀ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። ነገሩ ለደጋ ሰው ይብስበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። የብዙ መኪና ቬንቲላተር የሚነሳው ደግሞ በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ወይም ቱቦው ግፊት የሚያሳልፍ ከሆነ እንግዲህ ውሃው ቬንቲላተሩ ሳይነሳ መፍላት ይጀምራል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ግን ተራ ውሃ እንኳ 110 ዲግሪን አልፎ ሳይፈላ ይቆያል። በቆላ ከተማ የምትታለፍ ትንሽ ማፍሰስ እዚህ ቴስታታ የምታጣምመው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ክልክል ነው፤ ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይፈነዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያ የክዳኑን ጎማ ማየት ነው፤ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ወጪው እዚሁ ሊያበቃ ይችላል። ትርፍ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ከተገኘም ጣት የሚቀሰረው ወደ ክዳኑ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ የወጣውን ውሃ ሲቀዘቅዝ መልሶ መሳብ አቅቶታል፤ ወይም ሁለቱን የምታገናኘው ቀጭን ቱቦ አየር ታስገባለች።

ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ኩላንት የደረቀበት ቦታ ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። የቱቦዎቹ ጫፍ፣ የራዲያተሩ የፕላስቲክ ራስ ከአልሙኒየሙ ጋር የሚያያዝበት መስመር፣ ከፓምፑ በታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ይታያሉ። ቀዳዳዋ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ በእሷ ያንጠባጥባል። እሷን በማስቲሽ የሚደፍን ሰው ምስክር ዝም እያሰኘ ነው። ኤሲ ተከፍቶ ሲቆም ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ቀለምና ሽታ የሌለው ውሃ ግን ከአየሩ የወጣ ጤዛ ስለሆነ አያስጨንቅም።

አስቸጋሪው ቆማ የማታንጠባጥብ መኪና ናት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳ የደጀንን ዳገት ስትወጣ ውሃ ትጨርሳለች፤ ግቢ ውስጥ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። ለእሷ ግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ መፈለግ ይሻላል። በክዳኑ ቦታ የእጅ ፓምፕ ይገጠማል፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይነፋል፣ ከዚያ ለሩብ ሰዓት መርፌውን ማየት ነው። መርፌው ወርዶ ውጭ ምንም ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ ሄዷል። የመንገደኛው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቦ፣ መስታወቱ በጭጋግ ተሸፍኖ ጣፋጭ ሽታ ካለ ጥፋተኛው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ከታየ፣ ወይም ራዲያተሩ ክፍት ሆኖ ሞተሩ እንደተነሳ አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሳይበላ አይቀርም። ያኔ ቴስታታው ወርዶ ቀጥ ማለቱ ይለካል፣ ካስፈለገም ፊቱ ይላጋል። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ ሳይለኩ መግጠም ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ጥገናው ላይ አቋራጩ ብዙ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዋን ማቆየት የግድ ስለሆነ አቋራጩ ይበልጥ ያጓጓል። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ራስ በሙጫ ቢለጠፍ ሙቀትና ግፊት ሲፈራረቁበት መልሶ ይከፈታል። ቀዳዳ የሚደፍነው ዱቄትም የማሞቂያውን ጠባብ ቧንቧ አብሮ ይደፍናል፤ ከገጠር መንገድ ቤት ለመድረስ ካልሆነ አልመክረውም። «እንዳትሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታት ማውለቅ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ለማግኘት ይቸገራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ማፍሰሱም እንዳለ ይቀጥላል። ሶማሌ ተራ ለክዳንም፣ ለቱቦም፣ ለፓምፕም ዕቃ አለ። ክዳን ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ላዩ ላይ የታተመውን የግፊት ቁጥር ማመሳሰል ያስፈልጋል።

የሚሞላው ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ተደባልቆ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን እየተጋገረ የማቀዝቀዣውን መስመር ያጠብበዋል። አሮጌው ፈሳሽ መሬት ላይ መደፋት የለበትም፤ ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው፣ ውሻና ድመት ይልሱታል። ሲሞላ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ዳገት ዞሮ፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ አየሩ እስኪወጣ ቀስ ተብሎ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲታይ ትንሽ ቢጎድል የወጣው አየር ቦታ ነው፤ ይሞላል። በሳምንቱም ከጎደለ ግን ግፊት መሞከሪያው እንደገና ይገጠም።