በቦርድ የወጣ ሠራተኛ ተመልሶ ሲቀጠር

ጡረታ የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 209/1955፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 715/2003 መሠረት ጣሉለት፤ አሁን የሚሠራባቸው አዋጅ 1267/2014 እና 1268/2014 ናቸው። በግል ድርጅት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። መውጫው 60 ዓመት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ልለፈው።

ከዕድሜው በፊት በሕመም የሚወጣውስ? 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ጤናው ለሥራው እንደማይፈቅድ በሐኪሞች ቦርድ ሲረጋገጥ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል፤ 10 ካልሞላው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ የሚወራው ነው። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «እሱማ በቦርድ ወጥቷል፣ አለቀለት» የማይል የለም። ቦርዱ ያየው ሰውየው ያንን ሥራ መቀጠል መቻል አለመቻሉን ነው። የጥጥ ብናኝ ደረቱን ያወከው ሠራተኛ ፈተላ ክፍል አይመለስም፤ ሲሻለው የንብረት ክፍል መዝገብ መያዝ ግን ማን ይከለክለዋል? 60 ሳይሞላው በግል ድርጅት ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ በደመወዝ ከተቀጠረ የጡረታ ሽፋን ይመለከተዋል፤ 7ቱም 11ዱም እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የማውቀው አንድ ጎልማሳ የቦርድ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይዞራል። «ጋሼ፣ ብቀጠር የድሮው አገልግሎቴ አይጠፋም?» አለኝ። «አይጠፋም፣ ከአዲሱ ጋር ይደመራል» ብዬ ብዕር አውጥቼ እጁ ላይ ባለው ፖስታ ጀርባ አሰላሁለት። ለ10 ዓመት አገልግሎት አበሉ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚቆጠር ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። 18 ዓመት ሠርቶ በአማካይ 3,000 ብር ደመወዝ ይዞ የወጣ ሰው 40 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ብር ይደርሰዋል። ተመልሶ 8 ዓመት ቢሠራና አገልግሎቱ 26 ቢሞላ 50 በመቶ ይሆናል። ዋናው ነገር መቶኛው ብቻ አይደለም፤ አማካዩም ይለወጣል። አዲሱ አማካይ 8,000 ከሆነ አበሉ 4,000 ብር ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። አበል እየተቀበላችሁ ተደብቃችሁ አትቀጠሩ፤ ስትቀጠሩ አበሉ መቆም አለበትና ያለአግባብ የተከፈለ ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ሥራ ሳትጀምሩ ለማህበራዊ ዋስትና ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁንም ሆነ የስንብት ወረቀታችሁን ኮፒ አስቀሩ። «ጡረታ አይቆረጥብኝ» ብላችሁ ከቀጣሪ ጋር የምትስማሙ ደግሞ ሒሳቡን እዩት፤ 7ቱን አተረፍን ስትሉ እሱ ስለ እናንተ ሊከፍለው የሚገባውን 11 በፈቃዳችሁ ማራችሁለት።