«ወረቀት አለው» የተባለ ሽጉጥ
ጁባ ጀበል ውስጥ የምትነግዱ ወገኖች፣ ስለ ሽጉጥ ግዢ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እንደ ሕግ ባለሙያ ልመልስ። ሻጩ «ወረቀት አለው» ቢላችሁ አትቸኩሉ። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ መሣሪያው ሲሸጥ አብሮ አይተላለፍም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው የጦር መሣሪያ ሕግ አላት፤ በስማችሁ ፈቃድ ሳይኖር ፓውንድ አትቁጠሩ።

የባሰው «በጋምቤላ አሻግሬ አገር ቤት አስመዘግበዋለሁ» ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትን ይከለክላል። የጁባ ወረቀት እዚያ አያድናችሁም። አሜሪካ እንኳ (ሁሉም ልቅ የሚመስለን አገር!) ከሌላ ስቴት ግለሰብ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የሚረከበው በራሱ ስቴት ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ነው።

ሱቅ ለማስጠበቅ ከሆነ ዘበኛ ቅጠሩ። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ዕቃውን ሳትረከቡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።