ራውተሩን ከቡፌው ጀርባ አውጡት

በቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ያለ ጥፋቱ በመሰደብ ራውተርን የሚስተካከለው የለም። ቪዲዮ ሲቆራረጥ ተወቃሹ እሱ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ «አርጅቷል» ይባላል፤ ይህ ካልሆነ ደግሞ ፓኬጁ ከፍ ይደረጋል። ነገሩን መለየት ግን ቀላል ነው። ፍጥነቱን መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ችግር ባለበት ክፍል መለካት ይበቃል። አጠገቡ የተከፈለበት ፍጥነት ከተገኘ፣ ከውጭ የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ፓኬጅ መጨመር ወርሃዊ ክፍያውን ያሳድግ እንደሆን እንጂ ለመኝታ ቤቱ የሚፈይደው የለም። የጎደለው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ነው፤ አሮጌ ቤት ደግሞ መካከሉ ብዙ ነው። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ፣ በየጊዜው የተቀጠለ ክፍል፣ ከግቢው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ሰርቪስ ቤት።

ራውተር ሬዲዮ ነው፤ ያውም ደካማ። በ2.4 ጊጋኸርዝ እንዲያሰራጭ አውሮፓ ውስጥ የሚፈቀድለት ኃይል 100 ሚሊዋት፣ የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ነው። በዚህች አቅም የሚወጣውን ሞገድ እያንዳንዱ ግድግዳ ግማሽ በግማሽ ቢቀንሰው፣ ከሦስተኛው ግድግዳ በኋላ የሚተርፈው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው፤ እርጥበት የያዘ ጭቃ ደግሞ ከደረቀው የባሰ ይውጠዋል። ቆርቆሮማ ጨርሶ አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል፤ ሰርቪስ ቤት የሚደርሰው ሞገድ በበርና በመስኮት ዞሮ የገባው ነው። «5 ጊጋ» የሚለውን መርጠው «ፈጣኑ ይሻላል» የሚሉም አሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ ልክ ናቸው። ወፍራም ግድግዳ በመጣ ጊዜ ግን 2.4 ይሻላል። (ከስልኩ 5ጂ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።)

«እንግዲያው ጉልበት ያለው፣ ባለ ብዙ አንቴና ራውተር እገዛለሁ» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ራውተሩ የላከው እያንዳንዱ ጥቅል ከስልኩ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ይጠብቃል፤ ምላሹ ካልተሰማው ያንኑ ይደግማል። ስልክ ደግሞ ባትሪውን የሚቆጥብ፣ አንቴናው በጠባብ ቦታ የታጨቀ ዕቃ ነው፤ ድምፁ ከራውተሩ ያንሳል። ስለዚህ የራውተሩን ኃይል ብቻ መጨመር በሁለት ደካማ ሰሚዎች መካከል አንዱን ማስጮህ ነው። ስልኩ ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚናገሩት ስልኩ ራውተሩን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው፤ ራውተሩ ስልኩን መስማቱን አይነግሩንም። ሞልተው እየታዩ ድምፅ መልእክት አልሄድ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የተሻለ አንቴና መስማትንም እንደሚያሻሽል አልክድም፤ ግን ግድግዳው በሁለቱም አቅጣጫ ቀረጡን ይወስዳል። ርካሹ መድኃኒት ቦታ መቀየር ነው። ቴክኒሻኑ መስመሩ በገባበት ጥግ ያስቀመጠውን ራውተር እዚያው መተው፣ ከዚያም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቡፌ ውስጥ ቀብሮ ዳንቴል መደረብ፣ ከዚያም ማማረር ተገቢ አይደለም። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል። የቴሌቪዥኑ ብረትና በቡፌው ላይ ያለው የመስታወት የጀርባ ሽፋን ግን ይከለክላሉ። ወደ ቤቱ መሃል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በር በሚተያይበት ኮሪደር ይሁን። ምድር ቤት ብቻ ባለው ቪላ አንቴናው ይቁም፤ ሞገዱ የሚሰፋው ወደ ጎን ነውና።

ሪፒተርስ? ይሠራል፤ ግን ኔትወርኩ በሞተበት ክፍል ከተሰካ የሚደግመው ነገር የለውም፤ ገና ጥሩ በሚሰማበት መንገድ ላይ መሆን አለበት። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ ያንኑ መረጃ ተቀብሎ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ለአሮጌ ቤት ሁነኛው ነገር አሁንም የኔትወርክ ኬብል ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ግድግዳ የሚባል ነገር አያውቅም። በአንዱ ጫፍ ዋናው ራውተር፣ በሌላው ጫፍ መሳቢያ ውስጥ የተጣለው አሮጌ ራውተር፤ የአሮጌው አድራሻ ከዋናው ይለይ፣ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒው ይጥፋ፣ ኬብሉም በላን ቀዳዳው ይግባ። ሽቦ በግድግዳ ላይ አያምርም የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ኮርኒስ ላለው ቤት ግን ከላይ አልፎ ይወርዳል። ወደ ሰርቪስ ቤት በግቢ የሚሻገረው በፕላስቲክ ቱቦ ይግባ፤ ያለዚያ ፀሐይ ልባሱን ትሰነጥቀዋለች። ሲገዛም ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑ ይጠየቅ፤ በርካሽ የሚሸጠው አሉሚኒየም ላዩን መዳብ የተቀባ ነው፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጩ ብቅ ይላል።