ከከዚራ እስከ ቀፊራ፦ ድሬዳዋን በእግር መዞር

ከድሬዳዋ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በከዚራ፣ በደቻቱ ወንዝና በመጋላ ዞሮ እዚያው ጣቢያ የሚመልሰው መንገድ በአንድ ማለዳ በእግር ያልቃል። ከተማዋ ቆላ ስለሆነች ፀሐይ ሳትበረታ መነሳት ይበጃል።

ዙሩ ከጣቢያው የሚጀምረው ከተማዋም ከዚያው ስለጀመረች ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ስላስቸገረ ግን ከተራራው ሥር በሜዳው አለፈ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ገንዘብ አጥሮ ሥራው በቆመባቸው ዓመታት ወደ መሃል አገር የሚሄድ ዕቃ እዚህ ከባቡር እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር፤ የድሬዳዋ ነጋዴነት ሥሩ ይኸው ነው።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚዘረጋው ከዚራ በመሐንዲስ እጅ የተቀየሰ ሰፈር ነው። ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የለበሰ በመሆኑ እግረኛ በጥላ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚገኘው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት ሰፊ አሸዋ ነው። በደጋው ሲዘንብ ግን ጎርፉ በድንገት ይደርሳል፤ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ስለዚህ በክረምት በአሸዋው ማቋረጥ አይገባም፤ ድልድዩ አለ።

ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ የከዚራ ተቃራኒ ነው፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ ቤቱም የተጠጋጋ ነው። የዙሩ ዋና ቦታ እዚህ ያለው ቀፊራ ገበያ ነው። ቅስት ባላቸው በሮቹ የኦሮሞ ገበሬዎች፣ የሶማሌና የአፋር አርብቶ አደሮች ይገባሉ። ቲማቲም ሻጯ ለአንዱ በኦሮምኛ ዋጋ ነግራ፣ ለቀጣዩ በሶማልኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ትመልሳለች፤ ድሬዳዋን ለማወቅ ከዚህ መደብ አጠገብ ጥቂት መቆም ከብዙ ሕንፃ ይበልጣል።

ከቀፊራ በድልድዩ ተሻግሮ ጣቢያው ሲደረስ ዙሩ ይዘጋል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በዚህ ጣቢያ አያልፍም፤ የራሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከመሃል ከተማ ርቆ የተሠራ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመሥርቶበታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተሽከርካሪ ያስፈልገዋል።