የአየር ጠባይና የመኪና ጎማ



ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ መንገደኛ እኩለ ቀን ላይ ጎማውን ቢለካ፥ ግፊቱ ጨምሮ ያገኘዋል። ብዙ ሾፌርም ይፈነዳብኛል ብሎ ንፋሱን ይቀንሳል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፥ ሙቀቱ ሳይለወጥ አየር የያዘው ስፍራ በግማሽ ቢጠብ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ የብስክሌት መንፊያ የሚሠራው በዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ጌይ ሉሳክ ደግሞ በ1802 እ.ኤ.አ. አየር ሲሞቅ በምን ልክ እንደሚሰፋ ገለጸ። (ያገሩ ልጅ ሻርል ይህንኑ አስቀድሞ ደርሶበት ነበር፤ ነገር ግን አላሳተመውም።) የሚሰፋበት ስፍራ ያጣ አየር ግን ግፊቱ ይበረታል። ጎማ ብዙ አይለጠጥምና፥ በውስጡ ያለው አየር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲግል ጠቅላላ ግፊቱ በመቶ 15 ያህል ይጨምራል። ደኅና ጎማ ይኸን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው።

ንፋሱ የተቀነሰው ጎማ ግን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። በማግስቱ ጭነት ሲያርፍበት ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ያግለዋል፤ መጋሉም ክሩን ከላስቲኩ ያላቅቀዋል። እንግዲህ የፈሩት ፍንዳታ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

ስለዚህ ጎማው የሚለካው ማለዳ፥ መኪናው ሳይነሣ ነው፤ ያውም በመለኪያ እንጂ በእርግጫ አይደለም። መጠባበቂያው ጎማም አብሮ ይለካ።