በአገራቸው ባዕድ የተባሉት እስረኛ

በ1924 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት ከሰላሌ፣ ከፍቼ ከተማ አንድ እስረኛ አመለጡ። ነገሩ የአንድ ሰው ማምለጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባን ያን ያህል ባላስደነገጠ ነበር። ያመለጡት ግን የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ፣ ዘውድ ሳይጭኑ ኢትዮጵያን የገዙት ልጅ ኢያሱ ሚካኤል ነበሩ። ነፃነታቸውም ብዙ አልቆየም። ወደ ጎጃም አቅጣጫ እንዳመሩ ተያዙና፣ ዳግመኛ እንዳያመልጡ ከሸዋ ርቀው ሐረርጌ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ጋራ ሙለታ ተራራ ተወሰዱ።

አንባቢያችን «ይህ የታወቀ ታሪክ አይደለም ወይ? ምን ትቆሰቁሱታላችሁ?» ይሉን ይሆናል። እኛን ያስገረመን አንድ ነገር አለ። በየአገሩ የውጭ ሰው ታስሮ ሲያመልጥና ሲያዝ ጋዜጦች ማን እንደ ነበረ፣ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንዳደገ ይጠይቃሉ። ልጅ ኢያሱ ተወላጅ ኢትዮጵያዊ ሆነው ሳለ የወረዱበት ክስ ፍሬ ነገሩ «ባዕድ ሆነዋል» የሚል ነበር። ለዚህም እንደ ማስረጃ ከቀረቡት ነገሮች ከፍ ያለውን ስፍራ የያዘው በሐረርጌ ቆላ፣ ይልቁንም በጅጅጋ የዋሉት ውሎ ነው። ስለዚህ የእስረኛውን ታሪክ ከፍቼ እስር ቤት ሳይሆን ከዚያ ርቆ መጀመር ይሻላል።

አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል በመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዓሊ የሚባሉ የእስላም መኳንንት ሲሆኑ፣ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት የተጠመቁ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ዐረፉ። በአንድ ወገን የምኒልክ ደም፣ በሌላው ወገን የወሎ የእስላም ቤት ዝምድና፤ ልጁ ሁለቱንም ይዞ አደገ። ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነቱን በዐዋጅ ሲያስነግሩ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንተ» ብሎ የሚቆጣው ሰው መገኘቱ ያጠራጥራል። ሞግዚት የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ በቦታቸው ሌላ አልተተካም። እኛ እንደምናስበው ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ግማሹ ሥሩ ከዚህ ላይ ነው፤ በአንቱታ ብቻ ያደገ ጎልማሳ የሰውን ምክር የሚሰማው በምን ለምዶት ነው?

ነገሩን ለማሳመር አንፈልግም። በ1904 ዓ.ም. ወደ ጊሚራ ያደረጉት ዘመቻ ብዙ ሕዝብ በባርነት የተነዳበት ክፉ ሥራ ነው። ዋና ከተማውን ትተው ከአገር አገር ሲዞሩ ሚኒስትሮቹ ደጅ ይጠኑ ነበር። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ቆየ፤ የልጅ ልጃቸውም ሳይነግሡ ቀሩ። አባታቸውን ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ብለው አነገሡ። የሸዋ መኳንንት ይህን ሲያዩ ምን እንዳሰቡ ለመገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ጅጅጋ እንሂድ። ከሐረር የተነሣ መንገደኛ ባቢሌን ያልፋል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበትን የዳካታን ሸለቆ ያቋርጣል፤ የካራማራን መተላለፊያ ሲወጣ ድንገት ሜዳ ይገጥመዋል። ዛሬ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ጅጅጋ ያኔ ዋጋዋ በውኃ ጉድጓዶቿና ከዘይላና ከበርበራ በሚመጣው የሲራራ ንግድ ነበር። በ1885 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊው ካፒቴን ስዌን ያገኘው በጉድጓዶቹ አጠገብ በአጥር የተከበበ ምሽግና ሃያ አምስት ዘበኞች ነው። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ደግሞ የሰይድ መሐመድ ዓብዱላ ሐሰን ደርቦሾች የተወሰደባቸውን ከብት ለማስመለስ በዚሁ ምሽግ ላይ አደጋ ጥለው ነበር።

ልጅ ኢያሱ ይህችን የጠረፍ ከተማ ያዩባት ዐይን ከቀደሙት ሹማምንት ዐይን የተለየ ነበር። ከዚያ በፊት ወደ ኦጋዴን የሚወርደው ጦር ብዙውን ጊዜ ግብርና ከብት ፍለጋ ነበር የሚወርደው። እርሳቸው ግን ሽማግሌዎችን ሰብስበው ያነጋግራሉ፤ ይሸልማሉ፤ ከባላባቶች ቤት ያገባሉ። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ሐረርን ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን እጅ ወስደው በሐረርና በጅጅጋ መካከል ሲመላለሱ የሶማሌ አለቆችን ተቀበሉ። ዛሬ ቢሆን ይህን ብልኅ የአገር አስተዳደር የሚለው ሰው አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ቱርክና ጀርመን በአንድ ወገን፣ በጠረፉ ዙሪያ ያሉት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በሌላው ወገን ተሰልፈዋል። እንግሊዝ ለዓመታት ሲወጋው የኖረው ሰይድ መሐመድ ከልጅ ኢያሱ ጋር መላላክ ጀምሯል። ኤሚል ኪርሽ የሚባል አንድ ጀርመናዊ መካኒክ የሰይዱን ጠመንጃ እንዲጠግን ከዚህ ተላከ። የውጭ አገር እስረኛ ነገር ከተነሣ ይህ ምስኪን ሳይነሣ አይታለፍም፤ ታሌህ ከደረሰ በኋላ መውጣት ተከለከለ፤ በማግሥቱ ዓመት አምልጦ ወደ ባሕር ሲገሠግሥ በረሓው ውስጥ በውኃ ጥም ሞተ። እርሱን ያሳደደው ጠላት ቢኖር በረሓው ነው።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ የሦስቱ መንግሥታት እንደራሴዎች በአዲስ አበባ የተቃውሞ ማስታወሻ አቀረቡ። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ ተሰበሰቡ፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ለምኒልክ ከተገባው መሐላ ሕዝቡን ፈቱ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። ክሱም በመስጊድ ሰግደዋል፣ የእስላም ሴቶች አግብተዋል፣ ለሶማሌዎች የእስልምና ምልክት ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተዋል የሚል ነበር። ጋብቻው አያጠራጥርም። ሃይማኖታቸውን ስለ መለወጣቸው ግን ጉዳዩን የመረመሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ቁርጥ ያለ ማስረጃ አላገኙም፤ ኤሎይ ፊኬና ቮልበርት ስሚት በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሰናዱት የጥናት መጽሐፍ ይህን ክርክር በሰፊው ይመለከታል። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህን ዘመን በአንድ ቀን ትምህርት አልፈነው እንደ ነበር ስናስታውስ ይገርመናል።

ቀጥሎ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። ልጅ ኢያሱ ከሐረር ተነሥተው ሚኤሶ ላይ ተሸነፉና ወደ አፋር በረሓ ሸሹ። ለልጃቸው የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ፤ በምርኮ እንዳሉም ዐረፉ። ልጅየው በአፋር በረሓና በወሎ ተራሮች መካከል አራት ዓመት ያህል ተንከራተው በጥር 1913 ዓ.ም. በደጃዝማች ጉግሣ አርአያ እጅ ወደቁ፤ ለራስ ካሣ ኃይሉም ተሰጥተው ፍቼ ላይ ታሰሩ።

እስሩ የመኳንንት እስር ነበር። በወርቅ ሰንሰለት ታስረዋል የሚል ወሬ እስከ አውሮፓ ተሰምቷል፤ ወርቅም ቢሆን ሰንሰለት መሆኑ አይቀርም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ፤ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ፤ የእስረኛው ስም ግን ከሰው አፍ አልጠፋም።

በመግቢያችን ያነሣነው ማምለጥ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በሤራው እጃቸው አለበት ተብለው ተፈረደባቸው፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ከማምለጡ ሁሉ ያተረፈ ቢኖር ማእከላዊው መንግሥት ነው ለማለት ያስደፍራል፤ ለብዙ ዘመን በራሱ መስፍን ሲተዳደር የኖረ ጠቅላይ ግዛት በአንድ እስረኛ ምክንያት እጁ ገባ።

ጋራ ሙለታ ከሐረር በስተ ምዕራብ፣ በግራዋ በኩል ያለ ከፍተኛ ተራራ ነው። እንደ ልባቸው ሲፈነጩበት ወደ ነበረው ሐረርጌ በሰንሰለት ተመለሱ ማለት ነው። ጦርነት በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲነሣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች «እውነተኛው ንጉሣችሁ ኢያሱ ነው» የሚል ወረቀት ለሕዝቡ ይበትኑ ጀመር። ከሃያ ዓመት በፊት የኢጣሊያ እንደራሴ ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በእኚሁ ሰው ላይ ማስታወሻ ጽፎ እንደ ነበር ያስታውሷል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ መሞታቸው ተነገረ። ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ያህል ነበር፤ አሟሟታቸው ዛሬም ያከራክራል።

በእነዚያው ወራት በጅጅጋ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የኦጋዴንን ግንባር ጦር ከዚያው ሆነው ያዝዙ ነበር፤ ሶማሌዎችም በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ይዋጉ ነበር። ለደጃዝማች ነሲቡ የምሽጉን አሠራር ከሚመክሯቸው የውጭ አገር ሰዎች ዋነኛው ወሂብ ፓሻ የሚባሉ ቱርካዊ ጄኔራል ነበሩ።